ሶልደር ያልነካው የጊታር ካቢኔት፦ ፒያሳ ላይ የገጠመን አንድ ጉዳይ

ካቢኔቱ፣ ማለትም የጊታር አምፕ (ማጉያ) ድምፁን የሚያወጣበት ሳጥን፣ ባለ ሁለት ስፒከር ነው፤ ሁለቱም 12 ኢንች። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣም ቤዝ የለውም። ጎኑን በእግርህ መታ ስታደርገው ይነቃል፤ ሁለት ዘፈን ሳይሞላው ተመልሶ ያንቀላፋል።

ባለቤቱ ጓደኛዬ ነው። ፒያሳ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ከባንዱ ጋር የሚለማመድ ጊታሪስት ነው። ቅዳሜ ማታ ሥራ ነበራቸው። ድሮ ቢሆን ካቢኔቱን በሰው አሸክሞ ዶሮ ማነቂያ ይወርድ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ግን የሚያውቃቸው ጠጋኞች ተበታትነዋል። አንዱን በስልክ አገኘው። «ለሚቀጥለው ሳምንት አምጣው» አለው። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ ነበር። ቢመጣም በእጃችን ያለችው ሶልደሪንግ አይረን (የሽቦ መበየጃ) ለስልክ ሰሌዳ የምትሆን ቀጭን ነገር ናት። ወፍራም ሽቦና የስፒከር ጆሮ (ሽቦ የሚያያዝበት ብረት) ላይ ስታስጠጋት ሙቀቷን መዳቡ ይጠጣባታል። ሶልደሩ፣ ቀልጦ የሚበይደው ብረት፣ ላዩ ላይ ተንከባሎ ይቀራል፣ አይያዝም።

ስለዚህ ያለ ሶልደር እንሥራው ተባለ። የግድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ለካቢኔት እኔ ይሄንኑ እመርጣለሁ። ለምን እንደሆነ እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

ሳይከፈት በፊት

ሰው ብዙ ጊዜ ብሎን መፍታት ላይ ይቸኩላል። ካቢኔት ግን ሳይከፈት ብዙ ይናገራል። ከአምፑ የሚመጣውን ገመድ ካቢኔቱ ላይ ሰክተን ሌላውን ጫፍ ነፃ ለቀቅነው። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አደረግኩና አንዱን መንኪያ የገመዱ ሶኬት ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ግንዱ ላይ ያዝኩ። ቁጥሩ አይረጋም። 5 ይላል፣ 7 ይላል። ጓደኛዬ ሳጥኑን ኳ ሲያደርገው 9 ላይ ይወጣና ይመለሳል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ስፒከር ጀርባ ላይ «8 ኦም» የሚለው ጽሑፍ መልቲሜትር ከሚያሳየው ቁጥር ጋር አይገጥምም። ጽሑፉ ለሙዚቃ፣ ማለትም ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ ያለውን እምቢታ ነው የሚናገረው። መልቲሜትሩ ደግሞ ስፒከሩ ውስጥ የተጠቀለለውን ሽቦ፣ ኮይሉን፣ ብቻ ይለካል። ባለ 8 ኦም ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ያሳያል። ባለ 16ቱ ከ11 እስከ 14፣ ባለ 4ቱ 3 ከምናምን። ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ስፒከሩ ተቃጥሏል ብሎ የሚጥል ሰው አይቻለሁ። የተቃጠለ ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አያነብም፤ መስመሩ ተበጥሷልና።

የእኛ ቁጥር መዝለሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮይል አይዘልም። የሚዘለው መገናኛ ነው።

የኋላው ኮምፔርሳቶ ሲነሳ

ውስጡ ያየነው ይሄ ነው። ከጃኩ (የአምፑ ገመድ ከሚሰካበት ቀዳዳ) የሚነሳው ሽቦ የተቆረጠ የጊታር ኬብል ነበር። ያ ከጊታር ወደ አምፕ የሚሄደው፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ክር፣ ዙሪያውን መረብ ያለው ኬብል ነው። መሐሉ ያለው ክር ፕላስ፣ መረቡ ማይነስ ተደርጎ በጣት ተጠምዝዟል። ከዚያ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው በሙቀት ሙጫው ወጥቶ ተንሸራቷል፤ ስትነካው እጅህ ላይ ይጣበቃል። ገፈፍ ስናደርገው መዳቡ ጠቁሯል። አንዱ ጥምዝ ላይ የቀሩት ክሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ተበጥሰው ናስትሮው ውስጥ እንደ ጢም ቆመዋል።

ስፒከሮቹም የተለያዩ ናቸው። አንዱ ከመጀመሪያው የነበረው ባለ 16 ኦም ነው፤ መልቲሜትር ላይ 12.6 ሰጠ። ሌላው፣ ከተወሰነ ጊዜ በፊት አንዱ ሲቃጠል የተተካው፣ ባለ 8 ነው። 6.5 ሰጠ። ሁለቱ በፓራለል (ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ በራሱ መስመር) ሲታሰሩ መልቲሜትሩ 4.3 አካባቢ ማንበብ ነበረበት። ከዚያ በላይ ያነበበው ሁሉ የመገናኛው ጉድ ነው።

አንድ ኦም ምን ያህል እንደሚበላ እንይ። አምፑ ትራንዚስተር ነው፤ በ4 ኦም ላይ 100 ዋት። ይሄ ማለት 20 ቮልት፣ 5 አምፔር ነው። ካቢኔቱን ለሒሳቡ 4 ኦም ብንወስደውና የተበላሸው ጥምዝ 1 ኦም ቢጨምር ጠቅላላው 5 ኦም ይሆናል፤ አምፔሩ ወደ 4 ይወርዳል። ከዚያ ውስጥ 16 ዋቱ ናስትሮ የተጠቀለለው ጥምዝ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሙጫው ለምን እንደቀለጠ ገባን።

የቤዙን ነገር ለማየት የባትሪ ድንጋይ በቂ ነው። ባለ 1.5 ቮልት አንዱን አምጥተን፣ የድንጋዩን ፕላስ የስፒከሩ ቀይ ምልክት ባለው ጆሮ ላይ፣ ማይነሱን በሌላው ላይ ለቅጽበት ነካ አደረግን። አዲሱ ስፒከር ወረቀቱን ወደ ውጭ ገፋ። አሮጌውም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱም ምልክታቸው ትክክል ነው። ስህተቱ አስተሳሰሩ ላይ ነበር፤ አንዱ ፕላሱ ከማይነስ ጋር ተገላብጦ ታስሯል። አንዱ ወረቀት ወደ ውጭ ሲሄድ ሌላው ወደ ውስጥ ይሄዳል። አንዱ የገፋውን አየር ሌላው ይስበዋል፤ ቤዙ ሳጥኑ ፊት ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የላይኛው ድምፅ ብዙም አይጎዳም፤ ስለዚህ ሰው «አምፑ ቀጥኗል» ብሎ ቶኑን ማዞር ይጀምራል። ጓደኛዬ ቤዙን 10 ላይ አድርጎ ነበር ሲጫወት የከረመው።

ስንት ኦም ይሁን?

ሽቦውን ብቻ ብናስተካክል ካቢኔቱ ይሠራ ነበር። ለሙከራ ያህል ፕላስና ማይነሱን አቃንተን፣ ጥምዙን አድሰን፣ መብራት ሲመለስ አጫወትነው። ቤዙ ተመለሰ። ነገር ግን አዲሱ ስፒከር በግልጽ ይጮኻል፣ አሮጌው ይከተለዋል። ይሄ የጆሮ ነገር አይደለም። በፓራለል ሁለቱም ያንኑ 20 ቮልት ያገኛሉ። ባለ 8ቱ 50 ዋት ይወስዳል፣ ባለ 16ቱ 25። አንዱ እጥፍ ይሠራል ማለት ነው። ጠቅላላው 5.3 ኦም ይሆናል። ለትራንዚስተር አምፑ ችግር የለውም፤ ዝቅተኛው 4 ነው ተብሎ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ባንዱ አንዳንዴ የሚዋሰው የቱቦ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በብርጭቆ ቱቦ የሚሠራ) አለ። እሱ ጀርባው ላይ 4፣ 8 እና 16 የሚል መምረጫ አለው፤ 5.3 የሚባል ቦታ የለውም።

ሲሪስ (አንዱን ከሌላው ቀጥለን) ብናደርገውስ? 24 ኦም ይሆናል። የትራንዚስተሩ ጉልበት ይሞታል፣ የቱቦው መምረጫም አያውቀውም።

ደግነቱ ያንን ባለ 8 ኦም የሸጠለት ሰው የስፒከሩን ወንድም ገና አልሸጠውም ነበር። ከአንድ ካቢኔት የወጡ፣ ሁለቱም 60 ዋት የሚችሉ ናቸው። ሁለተኛውን ገዛን። አሮጌው ባለ 16 ለመጠባበቂያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

አሁን ሁለት ባለ 8 አሉን። በፓራለል 4 ኦም፣ በሲሪስ 16። ፓራለልን መረጥን። ምክንያቱ ጉልበት ብቻ አይደለም። በሲሪስ አንዱ ስፒከር ቢቃጠል መስመሩ ይቆረጥና ሁለቱም ዝም ይላሉ። መድረክ ላይ ከሆንክ ጉድ ነው። አምፑ የቱቦ ከሆነ ደግሞ ከዝምታው የባሰ አለ፤ ቱቦ አምፕ ስፒከር ሳይኖረው ከተጫወተ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። በፓራለል አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ዘፈኑ ያልቃል።

ሁለት ጊዜ 60 ደግሞ 120 ዋት ነው። 100 ዋቱን ይሸከማል፤ ትንሽም ትርፍ አለው።

ዕቃ ፍለጋ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው የሚሄደው። የስፒከር ጆሮ ላይ የሚሰካው፣ ሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቀው ጠፍጣፋ ሴቴ ተርሚናል መኪና ውስጥም የሚሰካው ያው ነው። ስለዚህ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድን። ከመሄዳችን በፊት የጆሮዎቹን ስፋት በካሊፐር ለካን። የተለመዱት ስፋቶች 6.3፣ 4.8 እና 2.8 ሚሊ ሜትር ናቸው። የእኛ ስፒከሮች ፕላሳቸው 6.3፣ ማይነሳቸው 4.8 ነበር። ይሄ ጥሩ ነው፤ ተርሚናሉ ከተመጠነ ገልብጦ መሰካት ያስቸግራል። ሳይለኩ ሄዶ ሁሉንም 6.3 የገዛ ሰው ማይነሱ ላይ የሚወዛወዝ ተርሚናል ይተርፈዋል። ከዚያ ናስትሮ ይፈልጋል። ከዚያ እንደገና እዚሁ እንገናኛለን።

የተርሚናሉ ላስቲክ ቀለም ትርጉም አለው። ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6 ይይዛል። እኛ የፈለግነው ባለ 1.5 ሽቦ ነው። ለ5 አምፔር ይተርፋል።

ሽቦው ላይ ነው ክርክር የተነሳው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብተን 1.5 ስንል ባለ አንድ ዘንጉን፣ ለቤት መብራት የሚቀበረውን፣ ባለሱቋ አወጣችልን።

«እህቴ፣ ክር ክሩን ነው የምንፈልገው፤ የሚተጣጠፈውን።»

«ይሄ እኮ ይሻላል ወንድሜ፣ ንጹህ መዳብ ነው። እሱ ለኤክስቴንሽን ነው።»

መዳቡ ንጹህ መሆኑን አልተከራከርኩም። ግን ካቢኔት ግድግዳ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ዘንግ ሽቦ ተርሚናሉ አንገት ላይ ደክሞት ይሰበራል። ጥቅጥቅ ያለ ዘንግ ለክር ሽቦ በተሠራ ተርሚናል ውስጥም በደንብ አይጨመቅም። ክር ክሩን ስታመጣልን ደግሞ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አደረግኩት። ገበያው ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለ። ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ይሆናል፤ ከመዳብ ያነሰ ያስተላልፋል፣ ሲጨመቅም ቶሎ ይሰበራል። የእሷ እስከ ውስጡ ቀይ ነበር። ሁለት ቀለም፣ ቀይና ጥቁር ገዛን። በአንድ ቀለም መሥራት ይቻላል፤ ግን ያ የተገለበጠ ስፒከር እንዴት እንደተገለበጠ መገመት አያዳግትም።

ከዚያው ባለብሎን የሽቦ ማገናኛ ጨመርን፤ መብራት ሳጥን ውስጥ የሚገባው፣ በካቻቢቴ የሚጠብቀው። ጃኩን አልቀየርንም። ከፋብሪካ የተበየዱ አጫጭር ወፍራም ሽቦዎች ነበሩት፤ እነሱን የጊታሩ ኬብል ሥር አገኘናቸው። ደህና የተበየደን ነገር መንካት ምን ያደርጋል? ጃኩ ውስጥ ያለውን ምላስ ብቻ ወደ ውስጥ ጎንበስ አደረግነው፤ ሶኬቱን አሁን አጥብቆ ይይዛል።

ጋሼ

ክፍሉ ያለበት ግቢ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። የጊታር ድምፅ በሰሙ ቁጥር ብቅ ይላሉ። ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድን ቆመው የሰሙ ሰው ናቸው፤ ያንን ካነሱ ሥራ ይቆማል። ዕቃችንን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያልተበየደ ነገር አላምንም ልጄ።»

«ጋሼ፣ መኪና እኮ ሙሉ በሙሉ እንዲህ ነው የታሰረው።»

«መኪናም ይቆማል።»

ይሄ ላይ መልስ አልነበረኝም። ቀጥለው ግን መላ ሰጡ፤ ሽቦው ብሎን ሥር ከመግባቱ በፊት ጫፉን ሶልደር አጠጡት፣ ይጠነክራል አሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሲታይም ንጹህ ነው። ችግሩ ሶልደር ለስላሳ ብረት መሆኑ ነው። ብሎን ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል። ዛሬ የጠበቀው ከወራት በኋላ ራሱ ላልቶ ይገኛል። ባዶ መዳብ ግን ተጨፍልቆ እዚያው ይቆያል። ወይ ሙሉ በሙሉ መበየድ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ መጨመቅ። የሁለቱ ድብልቅ ከሁለቱም የከፋ ነው። ጋሼ ሰሙኝ፤ ተስማሙ አልልም።

አጨማመቁ

ሁሉም ነገር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘግይ።

የሽቦውን ላስቲክ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ትልጣለህ። ስትልጥ ክር እንዳይቆረጥ፤ ሁለት ሦስት ክር ከረገፈ ቁረጠውና እንደገና ልጥ። ክሮቹን በጣትህ በስሱ ትጠመዝዛቸዋለህ፣ ሳታጠብቅ። ተርሚናሉ ውስጥ ስታስገባው መዳቡ በወዲያኛው በኩል ብቅ ማለት አለበት፤ በወዲህኛው በኩል ግን ባዶ መዳብ እንዳይታይ። ከዚያ መጭመቂያ ፒንሳው ይመጣል። እስከ መጨረሻ ካልተጨመቀ የማይለቀው ዓይነት ካለህ ተመስገን በል። እኛ በውሰት አገኘን። በተራ ፒንሳ ጠፍጠፍ የተደረገ ተርሚናል ጎኖቹ ይጠፈጠፋሉ እንጂ ክሮቹን አያጣብቅም፤ ሲያዩት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

በደንብ የተጨመቀ መገናኛ ውስጥ ክሮቹና ተርሚናሉ ተጨፍልቀው አየር እንኳ መግቢያ ያጣሉ። አየር ካልገባ አይዝግም። ይሄ ነው ሶልደርን የሚተካው። ፈተናው መሳብ ነው። አንዱን እጅህን ተርሚናሉ ላይ፣ ሌላውን ሽቦው ላይ አድርገህ ከልብህ ሳበው። ጋሼ ራሳቸው እየተቀበሉ ሳቡልን። አንዱ በእጃቸው ወጣ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ሰማያዊ ተርሚናል ነበር፤ ለ1.5 ሽቦ ልክ ጠርዙ ላይ ነውና ላላ። በቀይ ቀየርነው። ከዚያ በኋላ የወጣ የለም።

አደራደሩ እንዲህ ሆነ። ከጃኩ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ማገናኛው አንድ ጎን ገቡ። በሌላው ጎን ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ሽቦ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ቀይና የራሱ ጥቁር። ብዙዎች ከጃክ ወደ አንደኛው ስፒከር፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያንጠለጥላሉ። ለኤሌክትሪኩ ልዩነት የለውም። ለተርሚናሉ ግን አለው፤ ሁለት ባለ 1.5 ሽቦ ቀዩ ውስጥ አይገባም፣ ለሰማያዊውም 3 ካሬ ሆኖ ይበዛበታል። መከፋፈሉን ለብሎኑ ተውነው። ብሎኖቹን አጥብቀን ራሳቸው ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም ጣል አደረግንባቸው። ንቅናቄ ቢፈታቸው ቀለሙ ተሰንጥቆ ይታያል።

ማገናኛውን ሳጥኑ ጎን ላይ በእንጨት ብሎን መታነው። ሽቦዎቹ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠርዝ ላይ ታሰሩ። የስፒከሩን ወረቀት የሚነካ ሽቦ ካለ ድምፁ ይንዛረዛል፤ ሰው ስፒከሩ ተቀደደ ብሎ ሌላ ይገዛል። ተርሚናሎቹ ጆሮ ላይ ሲገቡ መግፋት ፈለጉ። እንደዚያ መሆን አለበት። ዝም ብሎ የሚገባ ከሆነ በፒንሳ ጠርዙን ትንሽ ጠበብ ማድረግ ነው።

ውጤቱ

ከሳጥኑ ውጭ፣ ጃኩ ላይ፣ መልቲሜትሩ 3.3 አነበበ። ሳጥኑን ኳ ስናደርገው አልተነቃነቀም። የባትሪ ድንጋዩን ገመዱ ጫፍ ላይ ነካ ስናደርግ ሁለቱም ወረቀቶች እኩል ወደ ውጭ ገፉ። ከአምፑ የሚመጣውን ገመድም ቀየርነው፤ የጊታር ኬብል ነበርና፣ በዚያው በተረፈው ባለ 1.5 ሽቦ ተተካ። ሶኬቱ በብሎን የሚታሰር ዓይነት ነው። የቱቦውን አምፕ ከማብራታችን በፊት መምረጫው 4 ላይ መሆኑን አየን። የአምፕ ሆድ ግን አልከፈትንም፤ የቱቦ አምፕ ከመብራት ተነቅሎም ውስጡ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። የካቢኔቱን ሥራ ማንም ይሠራዋል፤ ያኛው ለሚያውቀው ሰው ነው።

ቅዳሜ ከመጫወታቸው በፊት በልምምድ ጮክ አድርገው ተጫወቱበት። ጠፍቶ ሲከፈት ተርሚናሎቹን በእጄ ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ናቸው። ቤዙ 10 ላይ የነበረው ወደ 5 ወረደ፤ ያውም ቤዝ ጊታሪስቱ «ቀንስልኝ» እያለ።

ሁሉን ነገር ያለ ሶልደር ሥሩ እያልኩ አይደለም። ጊታር ሆድ ውስጥ፣ ፔዳል ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ ሶልደር ቦታው ነው። የስፒከሩ ጆሮ ተሰብሮ ወይም ላልቶ ከሆነም መበየድ ይሻላል። ካቢኔት ግን የሚከፈት ዕቃ ነው። ስፒከር ይቃጠላል፣ ይቀየራል፣ ለሰው ይዋሳል። የተጨመቀ ተርሚናል ሆቴል ጓሮ ውስጥ በስልክ መብራት ይነቀላል፣ ይሰካል። ለመድረክ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሲነቀል ግን ላስቲኩን ይዞ እንጂ ሽቦውን ጎትቶ አይደለም፤ ጓደኛዬ ይሄንን ኋላው ላይ በማርከር ጽፎታል።

አንድ ነገር ቀርቷል። የታችኛው ክር ሲመታ የኋላው ኮምፔርሳቶ አሁንም ዝዝ ይላል። ቤዙ ስለተመለሰ ነው የተሰማው። አናጺው ሁለት ተጨማሪ ብሎን መሐሉ ላይ ይመታበታል፤ ጋሼ ደግሞ ከሥሩ የስፖንጅ ቁራጭ ይለጠፍበት ይላሉ። በዚህኛው ከእሳቸው ጋር ነኝ።